አባዬ በምን ይጠጣ?

ፈሪ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ልጅ ሳለሁ መብረቅ እፈራ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ባልታሰበ ሰዓት የሚጮህ ስልክ እፈራለሁ። እንጅባራ ደመና ከጣሪያ የማይርቅባት ከተማ ናትና መብረቁ አልጎደለብኝም፤ ስልኩም እንደዚያው። ቢሆንም ስትሮ፣ ያቺ ጭማቂ ቤት ብርጭቆ ውስጥ የምትሰካ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ትነሳኛለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ማዶ ገብስና ድንች ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ደም ግፊት እርሻው ላይ ጥሎት ግራ ጎኑ ከደነዘዘ ወዲህ ግን እኔ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተኝቷል። ምላሱም አብሮ ተሳስሯል። በወጉ የሚወጡለት ጥቂት ቃላት የአገውኛ ብቻ ናቸው፤ አማርኛው የት እንደገባ እሱም አያውቅም። የመጣ ሰሞን የስፖንጅ ፍራሽ ገዝቼ አነጠፍኩለት። በደህና እጁ እየገፋ እምቢ አለ። ወንድሜ ነገሩ ገባውና አገር ቤት ተመልሶ የገብስ አገዳ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። የተወቃው ጭድ አቧራው ያስለዋል ብሎ፣ ዛላውን ብቻ ቆርጦ አገዳውን እንዳለ ነበር ያመጣው። እሱን በጆንያ ጨርቅ ሞልተን ሰፋንለትና የለመደውን መኝታ አገኘ።

መብሉንስ ገንፎውንም አጥሚቱንም እያወፈርኩ ተወጣሁት። ጭንቁ መጠጡ ነበር። ከብርጭቆ ሲጠጣ ውሃው በደነዘዘው የአፉ ጥግ ይፈስሳል፤ ራሱን ቀና ሲያደርጉት ደግሞ ትን ይለዋል። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ፣ «አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ በስትሮ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ቀና አድርገሽ እንዳታጠጪው፤ ውሃው ወደ ሳንባው ከገባ...» ብላ ሳትጨርስ ሌላ በሽተኛ ጠራት። ያልጨረሰችውን ነገር እኔ ስንት ዓይነት አድርጌ እንደጨረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ማንኪያም ሞክሬ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ። ውሃን እንደ ሕፃን በማንኪያ መጠጣትን አልወደደም። ስትሮዋን ግን በቀኝ እጁ ጣቶች ይዞ፣ በደህናው የአፉ ጥግ አድርጎ፣ ራሱ ይጠጣል። ሲጨርስ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ያየኛል። ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ሰው እርዳታ የሚሠራት ሥራ እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ታዲያ ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ አዋጅ ነገረ። ከአሁን በኋላ ሱቅ ስስ ፌስታል ለደንበኛ አይሰጥም፤ ስትሮም እንዲሁ፤ ሲሰጥ የተገኘ ይቀጣል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የደጃችን ቦይ በፌስታል ተደፍኖ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ሳሎኔ ይገባ ነበር። የአንዷ ጎረቤቴ ላምም ሆዷ ተነፍቶ ሞታ ሲከፍቷት የፌስታል ቋጠሮ ነው የወጣው። ስለዚህ ደግ አደረጉ ብዬ ዘንቢሌን አራግፌ ገበያ ወጣሁ። ሰዉ ሁሉ የቀርከሃ ቅርጫት አንጠልጥሏል፣ ስኳር በጋዜጣ ይጠቀለላል፤ አንዱ ጎልማሳ ቲማቲሙን በባርኔጣው ይዞ ሲሄድ አይቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሳቄ ጭማቂ ቤቱ ደጃፍ ላይ አበቃ። ሁልጊዜ ስትሮ የምገዛው ከዚያ ነበር። ባለቤቷ ሻሿን አስተካክላ፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «የለም እህቴ» አለችኝ።

«የነበረውስ?»

«የነበረውን ሁሉ ለደንብ አስከባሪዎች አስረከብኩ።» ወደ በሩ አየች። «ለአባትሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ላንቺ ስሰጥ ያየ ሰው ነገ ለኔስ ይለኛል። እኔም ልጆች አሉኝ።»

እሷም እንደ እኔ ፈሪ ናት። የሚሻለው ደንብ አስከባሪዎቹ ዘንድ ሄዶ ነገሩን ማስረዳት ነበር። እስከ በራቸው ሄጄ ነበር። ቤትሽ የቀረ ካለ አምጪ ቢሉኝስ ብዬ ተመለስኩ።

የቀሩት ስትሮዎች ጥቂት ነበሩ። እያጠብኩ፣ በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍኩ ደጋግሜ አጠጣሁበት። ሙቁ ውሃ ያለሰልሳቸዋል፤ አባቴ ደግሞ ይነክሳቸዋል። አንዷ ስትሰነጠቅ የተሰነጠቀውን ቆርጬ አሳጠርኳት፤ ሌላዋም እንዲሁ። የቀርከሃ ቀንበጥም ሞከርኩ፤ ቀጭኑ ውስጡ ድፍን፣ ክፍቱ ደግሞ ለአባቴ አፍ ወፍራም ሆነብኝ። መጨረሻ የቀረችው አንዲት ስትሮ ጣት የምታህል ሆና፣ ሲስባት ከውሃው ይልቅ አየር እየገባባት ትንጫረራለች። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማታ ማታ ነገ በምን ይጠጣ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የጎረቤቷ ከተማ የዳንግላ መናኸሪያ አካባቢ ሱቆች አሁንም ስትሮ አያጡም ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ፣ አባቴን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጎረቤቴ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። «እስክመለስ ምንም እንዳይጠጣ። ከጠማውም ከንፈሩን ብቻ ያርጥቡለት» አልኳቸው። «ሂጅ፣ እኔ አለሁለት» አሉኝ።

ዳንግላ ስደርስ ግን ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ሱቅ ገብቼ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «ስትሮ ይኖራችኋል?» ስል ባለሱቁ ሁሉ ክው ይላል። ነጠላዬን የተከናነብኩ፣ ቦርሳ ያነገትኩ፣ የማልታወቅ ሴት፤ ጠቋሚ መስያቸው ነው። አንዱ ሽማግሌ ነጋዴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲመረምሩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ማን ላከሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። «እንግዲያው ለላከሽ ለማንም፣ ስትሮ እዚህ ቤት የለም በይው» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። በዕድሜዬ ድመት እንኳ ፈርታኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ዳንግላ በሙሉ ፈራችኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። «ልጄ፣ አባትሽ...» አሉ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ እምቢ አለ። ደግሜ ደወልኩ፣ አሁንም እምቢ። ሾፌሩን ፍጠንልኝ ለማለትም ፈራሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ አባቴ ሞተ ብዬ መለስኩላት። ከአፌ እንደወጣ ራሴ ደነገጥኩ፤ አሟረትኩበት ብዬ ቤቴ እስክደርስ ስጸልይ መጣሁ።

አልሞተም። ፊቱ ግን ጠቁሮ፣ ደረቱ እየተርገበገበ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አገኘሁት። እማማ ጣሳ ይዘው አልጋው ጥግ ያለቅሳሉ።

«ጠበል አምጥቸለት ነበር» አሉኝ። «ጠማኝ ብሎ በእጁ ሲያሳየኝ አንጀቴ አልችል አለ። ጠበልስ ምን ያደርገዋል ብየ። ያችን ቁራጭ ላስቲክ አየኋት፤ ጠበል እንዴት በላስቲክ ይጠጣል ብየ ቀና አደረግሁት። ትን አለው፣ ልጄ። ዓይኑ ተገለበጠብኝ። ጀርባውን እየመታሁ በስንት መከራ ተመለሰ።»

ልቆጣቸው አልቻልኩም። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባቴ አፉን ዘጋ። ብርጭቆ ሲያይ ራሱን ያዞራል። ቁራጯን ስትሮ ሰጠሁት፤ አንዴ ሳባት፣ አየር ብቻ ሲሆንበት ወደ ወለሉ ወረወራት። እነዚያን ጥቂት የአገውኛ ቃላቱንም ተወ። የጤና ባለሙያ ለምኜ ቤት ድረስ አመጣሁ። ደረቱን አዳምጦ፣ «ሳንባው ለጊዜው ደህና ነው። ነገ ከሰዓት ድረስ ካልጠጣ ግን ለግሉኮስ አምጡት። በዚህ ዕድሜው ድርቀት አይችልም» አለኝ። ወንድሜ ተሸክመን የምንወስደው እንደሆነ ብሎ በጠዋት እንደሚመጣ በስልክ ነገረኝ።

በማግስቱ ጠዋት የአባቴ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ነበር። ገንፎውንም አልቀመሰም። ከጎኑ በርጩማ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ፣ ምናልባት ዓይኑ ሲያየው ልቡ ይራራ ይሆናል እያልኩ እጠብቃለሁ። ያኔ ነው ቀኝ እጁ መንቀሳቀስ የጀመረው። የፍራሹን ጠርዝ ይዳስሳል፣ ይቧጥጣል፣ ክሩን በጥፍሩ ይስባል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

በማለዳ የመጡት እማማ ይህን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ወንድምሽ ቶሎ ይምጣ» አሉኝ።

«ምነው?»

«የሚሄድ ሰው መኝታውን ይለቅማል። ባለቤቴም እንዲሁ ሲለቅም ውሎ ነው ማታውን ያረፈው። የንስሐ አባቱም ቢጠሩ ደግ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መብረቁም፣ ስልኩም፣ የሚኒባሱም መንገድ ጨዋታ ሆነብኝ። እጁን ይዤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩት። አወጣው። መልሼ ከተትኩት። አሁንም አወጣውና ወደዚያው ወደ ጠርዙ ሄደ። ስፌቱን በጥፍሩ በጥሶ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ከፍቷል። እኔ ደግሞ ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ ቀዳዳው ከተዘጋ ሞት የሚገባበት የሚያጣ ይመስል መርፌና ክር አምጥቼ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። መርፌው ጣቴን ይወጋኛል፤ አባቴ ያየኛል። የሚሄድ ሰው ዓይን እንዲህ ይሆን ይሆናል ብዬ ነበር እንጂ፣ በዓይኑ ውስጥ የነበረው ንዴት ነው። ልጅ ሆኜ በሬ ሳባርር ገብስ ማሳ ውስጥ የገባሁ ቀን ያየኝ አስተያየት ነበር።

የውጭው በር ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። ልከፍትለት ስወጣ እማማ የንስሐ አባቱን ስልክ ከወንድሜ ለመቀበል ተከተሉኝ። በሩ ላይ ቆመን ነገርኩት፤ መኝታውን እየለቀመ ነው አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ሦስታችንም ለመግባት ፈርተን ትንሽ ቆምን፤ ዝናቡ እያካፋብን።

ስንገባ አባቴ የሰፋሁትን ትቶ ከሱ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ከፍቷል። በሁለት ጣቱ አንዲት የገብስ አገዳ፣ እንዳትሰበር ቀስ እያለ፣ ስቦ እያወጣ ነው። አወጣት። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አያት። ጫፏ ላይ ያለውን አንጓ በደህናዎቹ ጥርሶቹ ነክሶ ቆረጠውና እንትፍ ብሎ ተፋው። አዙሮ ሌላውንም አንጓ ቆረጠ። ከዚያ በአገዳዋ ወደ በርጩማው፣ ወደ ብርጭቆው ጠቆመኝ።

ገባኝ። የሚሞት ሰው አልነበረም፤ የጠማው ሰው ነበር። ከፍራሽ የወጣች ነገር ናት፣ ላጥባት ብዬ እጄን ብሰድ አልሰጠኝም። ብርጭቆውን ያዝኩለት። አገጩን ዝቅ አደረገ፣ ማንም ሳይነግረው። አገዳዋን በአፉ ጥግ አስገብቶ ሳበ። እኔ ትን ይለዋል ብዬ ጀርባውን ለመምታት እጄን አዘጋጅቻለሁ። ጉሮሮው አንዴ ወጣ፣ ወረደ። ደገመ። ውሃው በብርጭቆው ውስጥ እየጎደለ ሄደ።

ሲጨርስ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ አየኝ፤ እንደ ዱሮው።

ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ጠረገ። እማማ ጣሳቸውን ይዘው ቀረብ አሉ። ከትናንቱ የተረፈውን ጠበል ባዶው ብርጭቆ ውስጥ ቀዱና፣ «በዚህስ ይጠጣል፤ እግዜር ያበቀለው ነው» አሉ።

አባቴ ጠበሉን መጠጣት ጀመረ። እኔ መርፌዬን አነሳሁና፣ ጠዋት የሰፋሁትን የፍራሽ ስፌት ተረተርኩት።