ጥቁር ድንጋይ ላይ የቀረው ግልገል

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከምሠራበት ቢሮ ፊት ለፊት ያለውን አስፋልት ሲቆፍሩት ዋሉ። ከሥራ ስወጣ የእግረኛው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር በተሰባበረው ጥቁር ክምር ላይ ተራምጄ ማለፍ ነበረብኝ። ከጫማዬ ሥር ቅጭል፣ ቅጭል የሚል ድምፅ ወጣ፤ የተሰበረ ሸክላ ሲረገጥ እንደሚያሰማው ያለ። ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ‹‹አር ዩ ኦኬ?›› አለኝ። ደህና ነኝ አልኩትና ዘወር ብዬ አሳለፍኩት። ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አባቴም አብሮኝ ነበር።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገርህ። ያን ጊዜ የምንኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ ነርስ ናት፤ ባላቸው የሞቱባቸውን አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ሴትዮዋ የባዮሎጂ አስተማሪ የነበሩ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር፣ ጨርሶ ሳይጨልምባቸው የጋላፓጎስን ደሴቶችና እንስሳቱን ማየት ፈለጉ። ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው በአንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ቦታ ያዙ። ልጆቹ ግን አንድ በአንድ አይመቸንም አሉ። ሴትዮዋ ምንም አልተቆጡም አለች እናቴ። ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ ‹‹እንግዲያው ያንቺን ቤተሰብ ይዘሽልኝ ነይ›› አሏት።

አባቴ ሳቀ። ‹‹እንሽላሊት ለማየት ነው ባሕር የምሻገረው?›› አለ። እናቴ ግን ሴትዮዋን ብቻዋን ደግፋ መርከብ ላይ መውጣትና መውረድ እንደማትችል ስትነግረው ሻንጣዎቹን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደ።

መርከቧ የምትይዘው አሥራ ስድስት ሰው ነው። የሄድንበት ወቅት ደግሞ ጉም የሚተኛበት ነበር። ፀሐይ ጨርሳ አትወጣም፤ ሰማዩም ባሕሩም አንድ ዓይነት አመድማ ስለሚሆን የት ላይ እንደሚገናኙ አይለይም። ደሴቶቹ ከዚያ መሐል ድንገት ብቅ ይላሉ። ነፍሳቸው የወጣ እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን አሁንም ከላያቸው ቀጭን ጭስ ይወጣል። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስህ ሽታቸው ነው፤ የዓሣ፣ የጨውና የተቃጠለ ነገር ሽታ።

የእኔ ሥራ ለሴትዮዋ ማየት ነበር። የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አንገቴ ላይ አንጠልጥለውልኝ፣ ከአጠገባቸው አስቀምጠው ‹‹ምን ይታይሻል?›› ይሉኛል። አንድ ጊዜ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ስደግምላቸው ክንዴን ነካ አድርገው፣ ‹‹መጽሐፉን እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ የምታይውን ንገሪኝ›› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብቻ እነግራቸው ጀመር። አባቴ እንግሊዝኛዬን ሲሰማ ደስ ይለው ስለነበር ከኋላችን ቆሞ ያዳምጣል።

አባቴን ያስጨነቀው የእንስሳቱ አለመሸሽ ነው። ወፎቹ ሰው ጫማ ሥር ጎጆ ይሠራሉ። የባሕር አንበሶቹ፣ እግራቸው መቅዘፊያ የሚመስል ጢማም የባሕር እንስሳት፣ መንገድ ላይ ተጋድመው፣ ስትቀርባቸው አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገልጠው አይተውህ ይጨፍናሉ። ሌላው መንገደኛ ሁሉ ይሥቃል፣ ፎቶ ያነሣል። አባቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይቆማል።

‹‹ሰው የማይፈራ አውሬ ደግ አይደለም›› አላት እናቴን በሁለተኛው ቀን። ‹‹ወይ ሰው አይቶ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ እኛን እንደ ሰው አያየንም።››

‹‹ቢስሚላህ በል›› አለች እናቴ፤ በቀልድ የተናገረ መስሏት።

በሦስተኛው ቀን ጥቁሩ ደሴት ላይ ወረድን። እዚያ አፈር የሚባል ነገር የለም። ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ሲደርቅ እንደ ገመድ ተጠማዞ፣ እንደ ጨርቅ ተጨማዶ ቀርቷል። ሥሩ ባዶ ስለሆነ ሲረገጥ ይጮኻል፤ ያ ቅጭል፣ ቅጭል የሚለው ድምፅ። አስጎብኚያችን እዚያው ደሴቶቹ ላይ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነበር። ነጭ የተቀቡ አጫጭር ችካሎች እያሳየ ከእነሱ እንዳንወጣ፣ ምንም ነገር እንዳንነካ አስጠነቀቀን።

ውሃው ዳር ከሰል የመሰሉ የባሕር እንሽላሊቶች እርስ በርስ ተነባብረው ተኝተዋል፤ መቁጠር አይቻልም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል። ሴትዮዋ ሲጠይቁኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። ‹‹ፀሐይ ይሞቃሉ›› አሉኝ። ፀሐይ ግን አልነበረችም። እንሽላሊቶቹ ወደሚያዩበት አቅጣጫ ተመለከትኩ። ከጉም በቀር ምንም የለም።

አባቴ ነጠላ ጨርቁን ከአንገቱ ፈትቶ አፍና አፍንጫውን ሸፈነ፤ አሸዋ የሚያነሣ ነፋስ እንዳለ ሁሉ። ነፋስ አልነበረም።

‹‹ውሃ ይዘሻል?›› አለኝ።

አሳየሁት። ትንሽ ሄደን ደግሞ ያንኑ ጠየቀኝ።

ልቅሶውን ያኔ ሰማን። የሕፃን ልጅ ልቅሶ ነው ብዬ ዞርኩ። ከችካሎቹ ወዲያ፣ በጥቁር ድንጋይ ተገን፣ አንድ የባሕር አንበሳ ግልገል ተኝቷል። ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። አንገቱን ቀና አድርጎ ይጮህና መልስ የሚጠብቅ ይመስል ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጮሃል። አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳን። እናቱ ዓሣ ልታጠምድ ከሄደች ቀናት አልፈዋል፤ ምናልባት ሻርክ ወስዷታል። ሌሎቹ እናቶች የራሳቸውን እንጂ የሌላውን አያጠቡም። ሰው ከነካው ደግሞ፣ እናቱ በሕይወት ኖራ ብትመለስ እንኳ ሽታው ስለሚለወጥባት ትተወዋለች።

‹‹ስለዚህ ምን ታደርጋላችሁ?›› አለ አባቴ በእንግሊዝኛ። በዚያ ጉዞ ለአስጎብኚው የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነበር።

‹‹ምንም›› አለው ልጁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

ወደ ማረፊያው ስንመለስ መጀመሪያ ሴትዮዋና እናቴ በትንሿ ጀልባ ወደ መርከቧ ተወሰዱ። አስጎብኚው ሴትዮዋን ለማሳፈር ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዞር ስል አባቴ የለም። የውሃ ጠርሙሴም ከቦርሳዬ የለም።

ለሰው መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም። ብናገር የሚያሳፍረን መሰለኝ። ችካሎቹን እየተከተልኩ ሮጥኩ። ጉሙ ወርዶ ስለነበር ከሦስት ችካል በላይ አይታይም፤ ልቅሶው ግን ይመራኝ ነበር። ከዚያ ልቅሶው ቆመ።

አባቴ ግልገሉ አጠገብ ተንበርክኮ አገኘሁት። ውሃውን በመዳፉ እያደረገ አፉ ላይ ያፈስለታል። ግልገሉ መጠጣት አልቻለም፤ ውሃው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ግን ተስቦ መጥቶ አገጩን አባቴ ጫማ ላይ አስደግፏል። አባቴ ሌላ እጁን ሊያሳርፍበት አንሥቶ ነበር።

‹‹አባ፣ ዶንት። አትንካው›› አልኩት። ‹‹ከነካኸው እናቱ አትወስደውም።››

እጁ አየር ላይ ቀረ። ‹‹ማነው ያለው?››

‹‹መሪው።››

‹‹ያኔም መሪው ነው ያለኝ›› አለ።

አልገባኝም። እርሱም ለእኔ አልነበረም የሚናገረው፤ ግልገሉን እያየ ነበር። ከአገር ሸሽተው ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ሁለት ነበሩ አለ፤ እርሱና ታናሽ ወንድሙ። ወንድሙ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ለጦርነት እንዳይታፈስ ነው ይዞት የወጣው። አፋር ምድር ላይ እንደዚህ ያለ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ሲረገጥ እንደዚህ የሚጮህ። በአራተኛው ቀን ልጁ መቆም አቃተው። መንገድ መሪው ተገን ፈልጎ አስተኛውና፣ ለሚሞት ሰው ውሃ ማፍሰስ የሚሄደውን መግደል ነው አለ። ሌሎቹም እውነቱን ነው አሉ።

‹‹አልሞተም ነበር›› አለ አባቴ። ‹‹ስንሄድ ይጣራ ነበር። ‹ጋሼ› ይለኛል፤ ዝም ይላል፣ እሺ እንድለው። ከዚያ ደግሞ ይጣራል።››

እኔ በዚያ ዕድሜዬ አጎት እንደነበረኝ አላውቅም።  አየር ላይ የቀረውን እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዞ ነበር። ‹‹እናቱ ልትመጣ ትችላለች›› አልኩት። ‹‹ስታየን ግን አትመጣም። እንሂድላት።››

 ከዚያ እግሩን ቀስ አድርጎ ከግልገሉ አገጭ ሥር አወጣ። ቀስ ያለ አወጣጡ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ የተኛን ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደሚደረገው።

ስንመለስ የመጣንበትን ችካል ጉሙ ሸፍኖት ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን በቀስታ ሄድን። ቅጭል፣ ቅጭል። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን ሦስተኛ እርምጃ ሰማሁ። ቀለል ያለ ነው፤ የልጅ እርምጃ የሚመስል። ስንቆም ይቆማል። ስንሄድ ይሄዳል። አስጎብኚው ነው ብዬ ልጠራው አፌን ስከፍት አባቴ እጄን ጨበጠኝ።

‹‹ዞር አትበይ›› አለኝ።

‹‹ማነው?››

‹‹ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ልጄ።››

ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚቀራው ቁርአን ግን አይሰማም። ማረፊያው ጋ ስንደርስ አስጎብኚው ከፊት ለፊታችን ነበር ስማችንን እየጠራ የመጣው። አልተቆጣም፤ ከድንጋጤ ፊቱ ነጥቶ ነበር። በኋላ ስለ እርምጃው ስጠይቀው፣ ያ ድንጋይ ከላዩ የረገጡት ሰዎች ካለፉ በኋላም ይሰነጠቃል፣ ይጮሃል አለኝ። እንደዚያ ይሆናል። የተማረ ሰው ነው፤ እኔም ልከራከረው አልፈለግኩም።

ማታውን አባቴ እራት አልበላም። እናቴ ባሕሩ አዙሮት መስሏት ኪኒን ሰጠችው።

በማግሥቱ ጠዋት መርከቧ መልሕቋን አንሥታ በዚያው ዳርቻ በኩል አለፈች። ጉሙ ለጥቂት ጊዜ ተገልጦ ነበር። ሴትዮዋ ሻያቸውን ይዘው ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ አባቴ እንደ ልማዱ ከኋላችን ቆመ። ትናንት የሆነውን ሴትዮዋ አያውቁም፤ ልቅሶውን ግን ሰምተው ነበር።

‹‹ያ ትንሹ ልጃችን እንዴት ሆነ?›› አሉኝ። ‹‹ምን ይታይሻል?››

መነጽሩን አነሣሁ። ድንጋዩን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ላዩ ላይ አንድ ትልቅ ቡናማ ጭልፊት ቆሞ ነበር። ጎንበስ ይልና ቀና ይላል። ከሥሩ ያለውን አየሁት። አትኩሮ ያየን ይመስል ጭልፊቱም ወደ መርከቧ ዞረ፤ እርሱም አልሸሸም።

‹‹እናቱ መጥታለች›› አልኩ። ‹‹እያጠባችው ነው።››

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። አባቴ ከኋላዬ ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ሲል ሰማሁት። መነጽሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እንዳይጠይቀኝ እየፈራሁ ቆየሁ። አልጠየቀኝም። ደሴቱን ጉም እስኪውጠው ድረስ ሦስታችንም ወደዚያ አየን።

ሴትዮዋ የሞቱት በዚያው ዓመት ነው። አባቴ ደግሞ ከዚያ ጉዞ በኋላ ለወራት ስለ ወንድሙ አንድ ቃል አልወጣውም፤ እኔም ለእናቴ አልነገርኳትም። ክረምቱ ገብቶ በረዶ በጣለበት ዓርብ ግን ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣና፣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መስጊድ ነዳ። ከጁምዓ በኋላ ኢማሙ ሬሳው ላልተገኘ ሰው የሚሰገደውን ሶላት እንሰግዳለን ብለው ስም ጠሩ። የአጎቴን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከማላውቃቸው ሰው አፍ ነው። ከሴቶቹ ሰልፍ ሆኜ የአባቴን ጀርባ ማየት እችል ነበር። ትከሻው አልተንቀሳቀሰም።

ወደ መኪናው ስንሄድ በረዶው ላይ ቀስ ብሎ እየረገጠ፣ ‹‹ያን ጠዋት የነገርሽን እውነት አልነበረም›› አለኝ።

 ‹‹እንዴት አወቅህ?››

‹‹የእኔ ዓይን ሩቅ ያያል። የወፏ ክንፍ ይታየኝ ነበር።››

ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ በአማርኛ ልበለው በእንግሊዝኛ እያሰብኩ ዘገየሁ። እርሱ ግን አልተቀየመም።

‹‹እኔም ለእናቴ እንደዚያው ነው ያልኳት›› አለ። ‹‹ከጅቡቲ ስጽፍላት፣ መንገደኞች አንሥተውታል፣ ደህና ነው አልኳት። እንዳትሞትብኝ ብዬ። እስክትሞት ድረስ በደወልኩ ቁጥር ‹ተገናኛችሁ?› ትለኝ ነበር። ‹ገና ነው እማ› እላታለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት።››

የመኪናውን በር ከፈተልኝ። አልገባሁም። እርሱም ግቢ አላለኝም። የተከፈተውን በር ይዞ ቆመ፤ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። በረዶው መቀመጫው ላይ ይገባ ነበር፤ አንዳችንም አልዘጋነውም።