አማት ፊት ወንበር ላይ

ሰው «ስደበኝ» ብሎ ሲለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለምኛለሁ፤ ያውም ጎንደር ላይ፣ ሰው ግጥም ባለበት አዳራሽ።

ቴአትር እያሳየን ነው። ሙላት ጨካኙን ባለርስት ይተውናል፤ ለዳኛው ማር፣ ለሎሌው እሾህ የሆነ ሰው። እኔ መሬቷን የሚቀማት አሮጊት ነኝ። በልምምድ ላይ «አንቺ አሮጊት፣ ውጪልኝ!» ሲለኝ እውነት መስሎኝ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ያን ዕለት እግሩ ላይ ስወድቅ ግን ዱላውን እንደ ሰቀለ ደርቆ ቀረ። ግንባሩ በላብ ራሰ።

«እመይቴ፣ ምነው መሬት ላይ? ይነሡ እንጂ» አለኝ፣ ዱላውን ከኋላው ደብቆ።

አበደ እንዴ! «ስደበኝ እባክህ፣ ጉድ ልትሠራን ነው!» አልኩት በሹክሹክታ።

እሱ እቴ! አንገቱን ደፋ። «አማቴ ከአይከል መጥተዋል፤ ፊት ወንበር ላይ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ።

በእኛ አገር አማት ፊት ማን ድምፁን ከፍ ያደርጋል? ዞር ብዬ ሳይ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ተቆጥተው ሊወጡ ነው ብዬ ክው አልኩ።

«ምነው ልጄ?» አሉ፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ። «እኔ በሌለሁበት እኔን እንደምትለኝ በላት እንጂ!»