የወፍጮው ወረፋ

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳትን ፎቶ ያየ እንግዳ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ድንጋይ ነው እንዴ?» ይለኛል። አዎ፣ ድንጋይ ነው። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር የእርጥብ ቅጠል ሽታ ያውደኛል።

አባዬ ከጎጃም የመጣ አስተማሪ ነበር፤ አርባ ምንጭ ላይ እማዬን አግብቶ ሴቻ የሚባለው ሰፈር ቤት ሠራ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዝውውር ደረሰውና ወደ ደብረ ማርቆስ ልንሄድ ሆነ። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ያደገችበትን የወፍጮ መንደር ፎቶ እንዲያነሳላት።

መንደሩ ከሴቻ በታች ጫካው ውስጥ ነበር። የውሃ ወፍጮ ስለነበረው ከደጋው ከጨንቻ ሳይቀር እህል በአህያ ይመጣ ነበር። የመጣ ሁሉ በሩ ላይ ድንጋይ ያኖራል፤ ድንጋዩ ወረፋ ሲጠብቅለት እሱ ጥላ ሥር ይተኛል። አንድ ቀን መዘውሩ ተሰበረ፤ «ነገ ይጠገናል» ተባለ። ሳይጠገን፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር የሞተር ወፍጮ ተተከለና መንደርተኛው ተበተነ። ድንጋዮቹ እንደተሰለፉ ቀሩ። ከፊት ሦስተኛዋ፣ ቀይዋ፣ የአያቴ ነበረች። አያቴ አንድም ፎቶ ሳትነሳ ስላረፈች ከእሷ የቀረን ያቺ ድንጋይ ብቻ ናት። ታዲያ ይህን ሁሉ እማዬ የነገረችን ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

አባዬ በተዋሰው ካሜራ መንገድ ላይ ዝንጀሮውንም፣ ሾላውንም፣ እኔ ሙዝ ስበላም ሲያነሳ ሲያነሳ፣ ፍርስራሹ ጋ ስንደርስ ፊልሙ ሁለት ፎቶ ብቻ ቀረው። እማዬ የቤታቸውን መሠረት ልታይ ሄደች። አባዬ ሦስታችንም አብረን እንድንነሳ ብሎ፣ ካሜራውን የሚያቆምበት ድንጋይ ከመሬት እያነሳ ቆለለ። እኔም ደስ ብሎኝ አቀብለው ነበር።

«ኧረ ጉድ! አንተ ሰውዬ፣ ወረፋውን አፈረስከው!»

እማዬ እዚያው ተቀምጣ እያለቀሰች ነገረችን። አባዬ ላብ በላብ ሆነ። «እኔ ምን አውቄ!» አለና ከክምሩ አንዷን አንስቶ «ይቺ የማን ናት?» ብሎ ጠየቃት።

እማዬ አፍንጫዋን ጠረገች። «የሸማኔው ናት። ሁሌ አንደኛ ነው እሱ፣ እንቅልፍ የለው!»

«ይቺስ?»

«የጎረቤታችን። ተጠንቀቅ፣ ወረፋ ትገፋለች!»

ሳቀች! እንዲህ እያለች አንድ በአንድ አሰለፈቻቸው፤ እኛም መንደርተኛውን ሁሉ በድንጋዩ ተዋወቅን። ቀይዋ ሦስተኛ ቦታዋን ያዘች፣ አባዬም ፎቶ አነሳት። አንድ ፎቶ ስትቀር እማዬ «በሉ እናንተም ወረፋ ያዙ» አለችን። ሦስታችንም ከጅራቱ ድንጋይ አኖርን። ግድግዳዬ ላይ ያለችው ያቺ የመጨረሻዋ ፎቶ ናት።

ዘንድሮ ልጄን ይዤ ወደ ወፍጮው መንደር ወረድኩ። ያኔ አባዬ ፊልሙን ሊጨርስ በደረሰበት መንገድ ላይ፣ ልጄ ገና ሳንደርስ በስልኳ መቶ አንስታ ነበር። እኔ ግን ወረፋውን አጣዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አለ! ቀይዋም አለች፣ የእኔም አለች። ከእኔ በኋላ ደግሞ የማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ብዙ ድንጋዮች ተሰልፈዋል። ለካ መንገደኛው ሁሉ ሲያልፍ ያኖራል። እንባዬ መጣ።

ልጄ ስልኳን ኪሷ ከታ ድንጋይ ፍለጋ ሄደች። ጭቃ በጭቃ ሆና፣ አንድ ድንጋይ ታቅፋ ተመለሰች።

«እማዬ፣ የመጨረሻው ማን ነው?»