ዘምዘም የፈሰሰበት ወለል

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከድር ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ በብብቱ ሸጉጦ ኮምቦልቻ ቤታችን መጣ። ሚኒባስ ገዝቷል፤ የወለሉ ምንጣፍ ተቀዳዶ አቧራ ስለጠገበ ሊቀይረው ፈልጓል። አንዱ ቁራጭ ነጭና አብረቅራቂ ነው፤ ሌላው ግራጫ ሆኖ ላዩ ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ ጉብታዎች አሉት።

"አክስቴ፣ የትኛው ያምራል?" ብሎ እናቴን ጠየቃት።

እናቴ ሁለቱንም ተቀብላው ወጣችና የቆርቆሮው አጥር ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል አሰጣቻቸው።

"ምረጪልኝ ነው እኮ ያልኩሽ፣ አድርቂልኝ አላልኩም!" ብሎ ከድር ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ፀሐይ የነካው አዲስ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ እንደገባ ጅዳ ተመለስኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው።

እናቴ ዘይነብ የቤት ሠራተኛ፣ አባቴ ሰይድ ሹፌር ሆነው አንድ ቤት ነበር የሚሠሩት። ያኔ ከወሎ ሴት ልጅ ያልሄደችበት ቤት ቢፈለግ አይገኝም ነበር፤ አብዛኞቹ ልጃቸውንና ባላቸውን ትተው ነው የሄዱት። እኛ ሦስታችን ከጋራዡ በላይ ባለች አንዲት ክፍል አብረን ማደራችን ብዙዎችን ያስቀና ነበር። ኢቃማችን፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀታችን፣ ዋስ ሆኖ ባስመጣን ሰው፣ በከፊሉ፣ እጅ ነው። ከፊሉ አሠሪያችን ይሁን እንጂ ቤቱን የምታዝዘው ሚስቱ ነበረች። ማዳም ነው የምንላት።

እነማዳም ለከሽታ የሚወጡበት ቫን ነበራቸው። ከሽታ የሚሉት በረሃ ወይም ባሕር ዳርቻ ወጥቶ ምግብ እያበሰሉ ማደርን ነው። ቫኑ ውስጡ የሚዘረጋ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የዕቃ ሳጥን ነበረው፤ ወለሉ ደግሞ በጣውላ ላይ የተለጠፈ ቀይ ሞኬት ምንጣፍ። እግር ሲረግጠው ይመቻል፣ ግን ምን ያደርጋል? አሸዋውም፣ የሩዙ ቅባትም፣ የሻዩም እንጥፍጣፊ እዚያው ይቀራል። እናቴ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በጉልበቷ ተንበርክካ በብሩሽ ስትፍቀው ትውላለች።

ያን ዓመት የበጋው ሙቀት ሳይጠና ቤተሰቡ ሐጃን ይዞ ለዑምራ ጸሎት መካ ሄዶ ነበር። ሐጃ የማዳም እናት ናቸው፤ ከዘራ የሚይዙ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ እናቴን "ልጄ" የሚሉ አሮጊት። ሲመለሱ ከያዙት ጀሪካን ዘምዘም፣ የመካው የተቀደሰ ውሃ፣ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ክዳኑን የዘጉት ሐጃ ራሳቸው ነበሩ፤ ጣታቸው አቅም ስለሌለው አላጠበቁትም። እናቴ መፍሰሱን ያየችው ጅዳ ደርሳ ቫኑን ስታጸዳ ነው። ሌላ ውሃ ቢሆን ወዲያው ትወለውለው ነበር። ዘምዘም ግን በመሬት መወልወያ ጨርቅ እንዴት ይነካል? ልቧ እምቢ አላት። "ራሱ ይደርቃል፤ በረካው ለመኪናው ነው" አለችና ቢስሚላህ ብላ በሩን ዘጋች።

የጅዳን ወበቅ የሚያውቅ ሰው የሆነውን ይገምታል። ቫኑ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ሰነበተ። ከብዙ ቀን በኋላ ለሌላ ጉዞ ሲከፈት የሻገተ ሽታ ፊታችንን መታን። ሐጃ ሲገቡ ከዘራቸው በሞኬቱ ስር የበሰበሰውን ጣውላ በስቶ ገባና ሊወድቁ ሲሉ አባቴ ደገፋቸው።

ማዳም ወደ እናቴ ዞረች። "በምን አጠብሽው? ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋሽበት አይደል?"

እናቴ ዘምዘም ነው ብትል ክዳኑን ያላጠበቁት ሐጃ መሆናቸው ሊወጣ ነው። አሮጊቷን በልጃቸው ፊት ከምታሳፍር ኃጢአቱን ራሷ ተሸከመች።

"ሐሙስ መካ እንሄዳለን" አለች ማዳም። "እስከዚያ ወለሉ ካልተስተካከለ፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ለሦስታችሁም ኹሩጅ ነው።"

ኹሩጅ ማለት ከአገሩ ጠቅልሎ የሚያስወጣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ነው። አገር ቤት ደግሞ የኛ የምንለው ጎጆ አልነበረንም፤ እናትና አባቴ የላኩት ሁሉ ለዘመድ ሕክምናና ለቀብር አልቋል። እኔም ትምህርቴን የጀመርኩት በዓረብኛ ነው፤ የአማርኛ ፊደል አንድም አልለይም ነበር። (ዘግይቼ ስለተማርኩት ይሆናል፣ ዛሬ መጻፍ እንደ ከረሜላ የሚጣፍጠኝ።) የዚያን ቀን ሦስታችንም ምሳ አልበላንም። ሩዙ ሰሃኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

በማግስቱ አባቴ እኔንና እናቴን ይዞ ፔትሮሚን ወረደ። ጋራዥና መጋዘን የሞላበት ሰፈር ነው፤ አየሩ የተቃጠለ ዘይትና ጎማ ይሸታል። ሳሊህ የሚባል የመናዊ የመኪና ወለል የሚሸጥበት ሱቅ ገባን።

"ያ ሐበሺ፣ የመኪናው ባለቤት አንተ ነህ?" አለው አባቴን።

"እኔ ሹፌሩ ነኝ። ባለቤቷ ስልኩ ውስጥ አለች።"

ሳሊህ ሳቀና ጥቅሎቹን እየዘረጋ አሳየን። ፎቶ አንስተን ለማዳም ላክንላት። መልሷ ወዲያው መጣ፦ ነጩ። እንጨት የሚመስል፣ መልክ የሚያሳይ ነጭ። እናቴ ግን ዓይኗ ጥግ ላይ የቆመው ግራጫ ጎማ ላይ ቀርቶ ነበር። ሳሊህ ከሁለቱም ቁራጭ ቁራጭ ቆርጦ ሰጣትና "ፀሐይ ላይ አድርጊያቸው፤ እነሱ ራሳቸው ይነግሩሻል" አላት።

ጣሪያችን ላይ ወስደን አሰጣናቸው። እናቴ ቅባት ያለው ሩዝ፣ ሻይና የቴምር ማር ደፋችባቸው፤ አሸዋ በትና በጫማዋ ፈተገቻቸው። ለዙህር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ አዛን ሲባል ወጥተን ስናይ ነጩ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቅልሏል፤ የተፈተገበት ቦታ ሁሉ ተጭሯል። ውሃ አፍስሳ በባዶ እግሯ ስትረግጠው ተንሸራተተችና ትከሻዬን ያዘች። ግራጫው ግን ጠፍጣፋ እንደሆነ ነው፤ ጨርቅ ስታሳልፍበት ምንም እንዳልነካው ሆነ።

"የሐያት አባት፣ ግራጫውን ነው የምናነጥፈው" አለች፤ አባቴን የምትጠራው በኔ ስም ነው።

አባቴ ደነገጠ። "አብደሻል? ነጩን ብላለች እኮ! ያዘዘችውን አንጥፍላት፤ ቢበላሽ የራሷ ምርጫ ነው።"

"ሲበላሽ ማን መረጠው ብሎ የሚጠይቅ አለ? ያን ጊዜም ያጠበችው ዘይነብ ነች የሚባለው። ሐጃስ? ወድቀው ቢሰበሩ ምን ልንል ነው?"

"ታዲያ ሐሙስ ስታየው ምን ልትይ ነው?"

"አላህ ያውቃል" አለች። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። እንደዚያ ሆና ስትናገር የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

ሥራውን ሦስታችን ሠራነው። የበሰበሰውን ጣውላ አባቴ ገነጠለ፤ ብረቱን ደረቅ እስኪል ጠረግን፤ አዲስ ጣውላ አስገባን። ጎማውን ሳንቀጥል አንድ ወጥ አድርገን ዘረጋነው፤ እናቴም ጠርዙን በግድግዳው ላይ ስንዝር ያህል አስወጣችው። "እንደ ሳፋ ይሁን" አለች፣ "የፈሰሰ ነገር ላዩ ላይ ይቅር እንጂ ስር አይግባ።" የማጣበቂያው ሽታ ራሴን አዞረኝ። እሷ ጥጎቹን በመዳፏ እየተጫነች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ እያደረገች ነው።

ሐሙስ ማዳም በሩን ከፈተች፤ አየችው። "ይሄ ምንድን ነው? የኔ መኪና አውቶቡስ ነው እንዴ?" እናቴን እንኳ አላየቻትም፤ ለአባቴ ነው የተናገረችው። "ሰይድ፣ ከመካ ስንመለስ ዕቃችሁን ሰብስቡ። ያላ፣ ንዳ።"

የመካ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከመስኮቱ ውጪ ጥቋቁሮቹ ኮረብቶች በሙቀት ይንቀጠቀጣሉ። ትምህርት ቤቴን፣ ጓደኞቼን፣ የጋራዡን ክፍል በልቤ ተሰናበትኩ። እናቴ እጄን ይዛለች፤ መዳፏ በማጣበቂያ ደርቆ ሻክሯል።

ሐጃ ዑምራቸውን አድርገው ሲመለሱ ሚስፈላ በሚባለው የመካ ሰፈር ቆመን ጠበቅናቸው። ጀሪካኑን ራሳቸው ዘግተው አስገቡ። ከሆቴሎቹ መሃል ወጥተን ቁልቁለቱን ስንታጠፍ ጀሪካኑ ወደቀ። ክዳኑ ተንከባለለ። ዘምዘሙ በግራጫው ወለል ላይ እስከ ማዳም ጫማ ድረስ ተዘረጋ።

አባቴ መኪናውን ዳር አቆመ። እናቴ ከቦርሳዋ ንጹሕ ነጭ የሰላት ሻርፗን አወጣች፤ ተንበርክካ ውሃው ላይ አነጠፈችው፤ ሲጠጣ አንስታ ሐጃ እጅ ላይ ጨመቀችው። ሐጃ ፊታቸውን አበሱ፤ ጉልበታቸውን አሹ። ከዚያ ወለሉን አዩና፣

"ልጄ፣ ያን ጊዜም የፈሰሰው ይሄው ነበር? የዘጋሁት እኔ ነበርኩ?" አሏት።

"መንገዱ ነው፣ ሐጃ" አለች እናቴ ቀና ሳትል። "መንገዱ ያናውጣል።"

ማዳም ጎንበስ አለች። ቀድሞ የበሰበሰው ጥግ ጋ የጎማውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ ጣቷን ስሩ ሰደደች፤ አወጣችው፤ አየችው። ደረቅ ነው። እናቷን አየች፤ እናቴንም አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"ዘይነብ፣" አለች፣ "በሚቀጥለው ጊዜ ጀሪካኑን ከሹፌሩ ወንበር ኋላ አስሪው።"

በሚቀጥለው ጊዜ! አባቴ በመስታወቱ አየኝ። እናቴ እርጥቡን ሻርፕ ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ዘምዘሙና እንባዋ የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁም። ጅዳ ስንገባ ዕቃ ሰብስቡ ያለን የለም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቫን ወደ ጣይፍ ከተማም፣ ወደ ባሕሩም ብዙ ጊዜ ተሄደ፤ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። ሐጃ ሲሞቱ ቤቱ ተበታተነና እኛም በመጨረሻ ወጣን። ስንወጣ እናቴ ቫኑን ለመጨረሻ ጊዜ አጥባው ነበር። ለምትቀጥለው ሠራተኛ አንድ ነገር ቀለለላት ብላ ተጽናናች።

ባለፈው ሳምንትም፣ ኮምቦልቻ ቤታችን፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከድር ከአጥሩ ላይ ነጩን ፕላስቲክ አንስቶ ሲያየው ተጠቅልሎ ቀረበት። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ ካመጣሁት ቀን አልሞላውም!" አለ እያዘነ። እናቴ ግራጫውን አነሳች፤ ውሃ አፍስሳበት በእጇ ጠረገችው። ከዚያ ጠርዙን ወደ ላይ አጥፋ ታሳየው ጀመር፤ ስንዝር ያህል፣ እንደ ሳፋ።