በሃምሳው ያልሰገደ ቋንጃ

ስለ ራሴ መጻፍ አልወድም። ከመምህርነት በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ የፍኖተ ሰላም ጎረቤቶቼ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፌ ሰምተው አያውቁም ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ይህ ልማዴ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይሻራል፤ ቡሬ አጠገብ በተወለድኩበት ቀበሌ መስክ ላይ ገና ስጫወት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና፣ ያን ቀን ተረቤ እንደ ምንጭ ይፈልቃል።

አንድ ዓመት ሩሯን፣ ያችን ከእንጨት የተጠረበች ኳስ፣ ተከትዬ ስሮጥ የቀኝ ቋንጃዬን ከኋላ በዱላ የመቱኝ መሰለኝ። ዞሬ ባይ ማንም የለም። የባላጋራው ወገን መሪ፣ አብሮ አደጌ የሆኑት ቄስ፣ ተደግፌ ስወጣ አይተው ለከርሞ ከተመልካች ጋር ወንበር እንደሚያስይዙልኝ ተናገሩ። ከሕመሙ ይልቅ ይህ አመመኝ። መስኩን ካጣሁ የምናገርባትን ቀን ማጣቴ ነው።

ሆስፒታል ያከመችኝ ፊዚዮቴራፒስት የሽንዲ ካህን ልጅ ነበረች። የታፋዬ የኋላ ጡንቻ በከፊል መቀደዱን ነገረችኝ፤ ዕረፍት ብቻውን አያድነውም፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ከወገቤ እያጎነበስኩ መነሣት፣ ሕመሙ ሲቀንስም ቀስ በቀስ መጨመር አለብኝ አለች። እኔም ነገሩን ወደማውቀው ሥርዓት መለስኩትና ከጸሎቴ ስግደት ጋር አያያዝኩት። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ሁለቱ ተስማሙ፤ ጾሙ ሳያልቅ ዳገት መውጣት ቻልኩ።

ፋሲካ ሆነ፤ ተውኩት።

ከሳምንታት በኋላ ስመለስ ቋንጃዬን እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኖ አገኘችው። ለምን እንዳቆምኩ ጠየቀችኝ።

«በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም» አልኳት።

ሳቋን በእጇ ሸፈነች። «የኔታ፣ እኔ ያዘዝኩዎ ማጎንበስ ነው። ስግደቱን የጨመሩት እርስዎ ነዎት። በሃምሳው የበርበሬ መደብ አይታረምም እንዴ?»

ሰምና ወርቅ ስለይ የኖርኩ ሰው ቃሉን ይዤ ምሥጢሩን ጥዬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓሮዬን የበርበሬ ችግኝ እንደ ታዘዝኩት እያጎነበስኩ አረምኩ። አረም ሲጠፋ የሌላውን ሰው ጓሮ አረምኩ፤ ጎረቤቶቼም ምክንያቱን ለመጠየቅ አልደፈሩም። ክረምቱ ሲወጣ መሮጥ ጀመርኩ።

ገና ደረሰ። ቄሱ መስኩ ዳር ሲያገኙኝ ወንበሬን ማን እንደያዘልኝ ጠየቁ። ዱላዬን ይዤ ወደ መስኩ ገባሁ። ጨዋታው ሲግል ሩሯ በሁለታችን መካከል ወደቀች፤ እኩል ሮጥን፣ እኔ ቀደምኩ። እሳቸው ሊመቱ የሰነዘሩት ዱላ አየር ቀዝፎ አለፈና በግንባራቸው ሣሩ ላይ ተደፉ። እንዳልተጎዱ አየሁና ጎንበስ አልኩ፦

«አባ፣ ቀኑን ዘነጉት? በልደት እኮ አይሰገድም።»

ቀድመው የሳቁት ራሳቸው ናቸው፣ ገና ሳይነሡ። ከዚያ መስኩ ሁሉ አውካካ። የዱላዬን ጫፍ ዘረጋሁላቸው፤ ቀኝ እግሬን ተክዬ ሳብኳቸው፤ ተነሡ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ዝም ያለው ቋንጃዬ ብቻ ነበር።