መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው

የሚስቴን ታናሽ ወንድም የሥራ ባልደረቦቹ «ግንቡ» ይሉታል። ስሙን ወዶታል። እኔ ግን ግንብ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጥላ በሰጠን ነበር እላለሁ። ሥራው ጫማ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ተንበርክኮ ጫማ ማስለካት ነው። ደረቱ በጡንቻ ካበጠ ወዲህ ማጎንበስ ስለከበደው ደንበኛው ራሱ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ያስራል፤ ግንቡ ከላይ ቆሞ «ልክህ ነው» ይላል።

ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ ጥርሱን ሽቦ ማሳሰሩን አልነቅፍም። የፊት ጥርሶቹ ተደራርበው ሲያሳፍሩት ነው የኖሩት። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ሚስቴም ሽቦው የታሰረ ዕለት ደስ ብሏት አልቅሳለች። ጉዱ የመጣው አፉ ውስጥ ብረት በገባ ማግስት ብረት ማንሳትም ሲያምረው ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት ጂም አለ። አሰልጣኙ አንገት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰውዬ ሲሆን፣ ጡንቻ ያሳድጋል የሚለውን ዱቄት በትልልቅ ቆርቆሮ ይሸጣል። እዚያ ቤት ዱቄቱን ዱቄት የሚለው የለም፤ «ምግብ» ነው የሚሉት። «ምግብህን በላህ?» ይባባላሉ። ግንቡም ውሃ ውስጥ በጥብጦ ጠዋት ማታ ይጋተዋል፣ እንክብልም ይጨምርበታል፤ እህቱ የሠራችውን ምሳ ግን ዘይት በዝቶበታል ብሎ ይገፋል።

ሽቦውን ያሰረችለት የጥርስ ሐኪም፣ ሊያስጠብቀው በሄደ ቁጥር፣ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ትጠይቀዋለች። «ኧረ ምንም» ይላታል። አልዋሸም እኮ። በእሱ ቋንቋ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ጤና ሞልቶ ፈሶበታል።

አንድ ቀን ዳቦ ሲገምጥ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ተነቃነቁ። ሚስቴ ደነገጠችና አብሬው እንድሄድ ለመነችኝ። ሐኪሟ ራጁን አይታ አስረዳችን። ጥርስ በሽቦ ሲሳብ የመንጋጋው አጥንት በአንድ በኩል እየሟሟ ቦታ ይለቅለታል፣ በሌላው በኩል አዲስ አጥንት ይሞላል። የግንቡ መንጋጋ ግን መሟሟቱን እንጂ መሙላቱን ትቷል። መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ደግማ ጠየቀችው፣ ደግሞ የለም አላት።

«በቆርቆሮ የምትጋተውስ?» አልኩት።

«እሱማ መድኃኒት አይደለም ጋሼ፣ ምግብ ነው» አለኝ ኮስተር ብሎ፤ አላዋቂው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ያለውን ሁሉ እንዲያመጣ አዘዘችው። በማግስቱ ቆርቆሮዎቹንና እንክብሉን በጫማ ከረጢት ሸክፎ መጣ። ጽሑፉን አንድ በአንድ አነበበች።

«በቆርቆሮዎቹ ሁሉ ውስጥ ቫይታሚን ኤ አለ። ሲደመር ከልክ ያልፋል፣ ሲበዛ ደግሞ አጥንት ይጎዳል። ይሄኛው እንክብልማ ምን እንዳለበት እንኳ አልተጻፈም። ወይ ይሄን ታቆማለህ፣ ወይ ሽቦውን እፈታዋለሁ። ሁለቱንም ይዘህ ከቀጠልክ ጥርሶችህን ታጣለህ።»

ግንቡ አሰበ፣ አሰበና «ካቆምኩ ደረቴ ይቀንሳል?» አላት።

እኔ በሱ ፋንታ አፍሬ ወለሉን አየሁ። ይባስ ብሎ ነገሩን አሰልጣኙን ሳያማክር እንደማይወስን ነገራት። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትገባ የታወቀ ነው፤ ሐኪሟ ፊት ስለሆነ ተረቱን ዋጥኩት።

ያን ዕለት ለእራት ስንቀመጥ ግንቡ ፊቱ በርቶ ገባ። አሰልጣኙ ነገሩን ሰምቶ አልተደናገጠም አለን። እዚያው ጂሙ ውስጥ ከላይኛው ድዱ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ቧንቧው ላይ አለቀለቀውና መልሶ ሰካው።

«ጥርስ ይገዛል፣ ደረት ግን አይገዛም አለኝ። እሱ እኮ ወንድ ነው» አለ፤ በአድናቆት ዓይኑ እያበራ።

ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ የሱ ጥርስ ምን ሆኖ ነው የወለቀው?» አለችው ቀስ ብላ።

«አልጠየቅኩትም» አለ ግንቡ። ከንፈሩ ሥር ምላሱ የሚነቃነቁትን ጥርሶች እየገፋ ሲፈትን ይታየን ነበር።