የእትዬ አስካለ ዓሦችና የፈረቃ ውሃ

እትዬ አስካለማርያም ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዓሣ ያሳድጋሉ ሲባል፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ለመብላት ነው?" ብሎ ነው። "ለማየት" ይላሉ እሳቸው። ጠያቂው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ነው። ሆቴሉ ሊታደስ ሲል እንግዳ መቀበያው ጋ የነበረው የዓሣ መስታወት ከነዓሦቹ ይጣል ተባለ። ይሄኔ ደማቸው ፈላ። ዓሦቹን በባልዲ ይዘው፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ረዳቱ "ማዘር፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ቢላቸው፣ "ቤተሰቦቼ ናቸው፣ ዝጋው በሩን" አሉት።

ያስቸገራቸው ዓሦቹ ሳይሆኑ ውሃው ነበር። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዴ ለስላሳ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያስቀራል። "አንዱ የግድብ፣ አንዱ የጉድጓድ ነው" ይላሉ እትዬ አስካለ። ውሃ በቀየሩ ማግስት ዓሣ ሞቶ ማግኘት ሲሰለቻቸው፣ ዓሣ ሻጭ ጋ ሄደው የውሃን ጠባይ በቀለም የሚለይ የፒኤች መለኪያ ጠብታ ገዙ። ጠብታው ሲገባበት ዓሦቹ የለመዱት ውሃ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከቧንቧ የመጣው ግን አንዳንድ ሳምንት ድምቅ ያለ ሰማያዊ ነው። "ታዲያ እኔንስ ከቆላ አንስተው ባንዴ ደጋ ቢጥሉኝ አልታመምም?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ መስታወቱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የበረኪና ሽታው እስኪወጣ በባልዲ ያድራል፤ ቀለሙ ከተለየ ካለፈው ፈረቃ ከተቀመጠው ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ ክዳኑ በመርፌ ከተበሳ ሃይላንድ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል።

አብሯቸው የሚኖረው የበኩር ልጃቸው መኳንንት ይህን ሁሉ እንደ እብደት ነው የሚያየው። እንግዳ ሲመጣ ያፍራል። መስታወቱ ያለበትን ቦታ የሚፈልገው ለቢፌ ነው። በመጨረሻ የሞተችውን ዓሣ ሲያይ፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ አንድ እንኳ ከሞተ መስታወቱ ይነሳል። ተስማማን?" አላቸው። እትዬ አስካለ ለሰላም ብለው "እሺ" አሉ። ያቺ እሺ ግን እንደ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቀረች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስታወቱን ለማጽዳት ግማሹን ውሃ ቀድተው አወጡ። የሚተካው ውሃ ባልዲ ውስጥ አድሮ ተዘጋጅቷል። በዚህ መሀል ጎረቤት ሰው ሞተ ተባለና ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለቅሶ ወጡ። ቤት የቀረችው ከአስኮ ልትጠይቃቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው ማርያማዊት ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" ተባለ። ይህን የሰማ የአዲስ አበባ ልጅ አያስብም፤ ይሞላል። ማርያማዊት ጄሪካን ሞላች፣ ባኞ ሞላች፣ ድስት ሳይቀር ሞላች። ግማሹ የጎደለ መስታወት አይታ እንዴት ትለፈው? እሱንም በጎማ ከቧንቧው ሞላችው። ባልዲ ውስጥ ባደረው ውሃ ደግሞ ወለሉን ወለወለችበት። እናቴ ደስ ይላታል ብላ።

እትዬ አስካለ ሲመለሱ ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ። ሁለቱ በጎናቸው ተጋድመዋል።

"ማነው የነካው?"

"እማዬ፣ ውሃ መጣ እኮ! እንዳትደክሚ ብዬ..."

መጮህ አሰኝቷቸው ነበር፤ የልጅቷን ፊት ሲያዩ ተዉት። ከመስታወቱ ትንሽ ውሃ ቀድተው ጠብታውን አንጠበጠቡበት። ሰማያዊ።

"ቶሎ ደፍተን እንቀይረው!" አለች ማርያማዊት።

"ተይ! አንዴ ደንግጠዋል። በድንጋጤ ላይ ድንጋጤ አልጨምርባቸውም።"

ካለፈው ፈረቃ የቀረች አንዲት ጄሪካን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ። ሃይላንዱን ሞልተው ሰቀሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና አየር እንዲያገኝ የመስታወቱን ውሃ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱት ጀመር።

መኳንንት የደረሰው ይሄኔ ነው። ዓሦቹ መሞታቸው አይቀርም ብሎ ቢፌውን ቀድሞ ገዝቶታል፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከኋላው ደረጃውን እያለከለኩ ይወጣሉ። መስታወቱን አየ። የተጋደሙት ሁለቱ አሁን አይንቀሳቀሱም።

"ሁለት ሞተዋል እማዬ። ተስማምተን ነበር።"

"ተስማምተን ነበር።"

"እና?"

እትዬ አስካለ ኩባያውን አላስቀመጡም። ተናደዋል፤ የተናደዱት ግን በራሳቸው ነው።

"እናማ እሺ ማለቴ ነው ጥፋቱ! ይሄ ቤት የወጣልኝ በስሜ ነው። የከፈልኩት አንሶላ አጥቤ ነው። በገዛ ቤቴ ዓሣ ላሳድግ ብዬ ልጄን አስፈቀድኩ! ምን ነክቶኝ ነው? ሁለት ሞቱ፤ አዝናለሁ። የቀሩትም ቢሞቱ ሌላ አመጣለሁ። እነሱም ቢሞቱ ሌላ!"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የሚለው አያጣም። ብኖርም ይላል፣ ብሞትም ይላል።"

ተሸካሚዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። "ወንድም፣ የት ጋ እናስቀምጠው?" አለ አንደኛው።

መኳንንት ጀርባቸውን ሰጥተውት የተቀመጡትን እናቱን አየ።

"እሷን ጠይቋት" አለ በመጨረሻ። "ቤቱ የሷ ነው።"

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ከዓሦቹ ሳይነቅሉ፣ "በመጣበት ይመለስ" አሉ።